«የጀርመን ኦርጋን» የሚባል አንድ ነገር የለም

ሰሞኑን ስለ ጀርመን የቧንቧ ኦርጋኖች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ወዳጆቼ ሲቀባበሉት ሰንብተው እኔም ጋ ደረሰ። በአማርኛ በዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነው። ስለዚህ ደስ ብሎኝ ነው የጀመርኩት። ስጨርሰው ግን ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ።

ላላነበበው ሰው የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የጀርመን አሮጌ ኦርጋኖች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸው የመጠን ብቻ ነው። የተሠሩት ለጀርመናዊው አቀናባሪ ለዮሐን ሰባስቲያን ባህ ሙዚቃ ነው። ዋና ዋናዎቹ በጦርነት ስላለቁ ዛሬ የምናየው ቅጂ ነው። የድሮ ቅኝታቸው ጉድለት ነበረበት፤ በኋላ ታረመ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የመጡት ደግሞ ጩኸት ናቸው። በመጨረሻም፣ ኮምፒውተር ድምፃቸውን ስለቀዳው ለጥገና ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ ጠብም የለኝም። አጻጻፋቸው ይጥማል። ብዙው ነጥብ ግን ልክ አይደለም፤ በተለይ የመጀመሪያው። እሱ ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ ተያይዞ ይሳሳታል። በየተራ ልሂድባቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ልዩነታቸው የመጠን ብቻ ነው»

መጀመሪያ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ወናፍ አየር ይሞላል። አየሩ ቧንቧዎቹ ወደተተከሉበት ሣጥን ይገባል። ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን በቀጭን የእንጨት ዘንግ የተያያዘ ክዳን ይከፈትና አየሩ ወደ ቧንቧው ያልፋል። አንድ ቧንቧ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የድምፅ ቀለም አንድ ሙሉ ረድፍ ቧንቧ ያስፈልጋል። ጀርመኖች ይህን ረድፍ ሬጂስተር ይሉታል። ተጫዋቹ ከጎኑ ያሉትን እጀታዎች እየሳበ የሚፈልገውን ረድፍ ያስነሳል። አንዳንዱ ቧንቧ የዋሽንት ዘመድ ነው። አንዳንዱ ውስጡ የነሐስ ምላስ አለው፤ ይነፋነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ሲያሻው ያለቅሳል።

የአገሩ ልዩነት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስንት ረድፍ ይሁን? ከምን ብረት ይሠራ? ቧንቧው ይስፋ ወይስ ይጥበብ? የትኛው ከየትኛው ጋር ይጣመር? ይህን የሚወስነው የሠሪው እጅ ብቻ አይደለም። ገንዘቡን የከፈለው ሰውም፣ ከሥሩ ቆሞ የሚዘምረው ሕዝብም፣ ሠሪው ሙያውን የተማረበት አገርም እጃቸው አለበት።

የእኛን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ለሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። የያሬድ ዜማ አንድ ነው እንላለን። ሆኖም ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር ለየብቻ ይሰማሉ። ጆሮ ያለው ሊቅ አንዱ መሪጌታ ገና አፉን ሲከፍት ከየትኛው ቤት እንደወጣ ያውቃል። የጀርመንም ኦርጋን እንዲሁ ቤት ቤት አለው።

ከሰሜን ልጀምር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሐምቡርግ ሀብታም የወደብ ከተማ ነበረች። አርፕ ሽኒትገር (1648–1719) ለቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ከ1689 እስከ 1693 የሠራው ኦርጋን 4 የእጅ ኪቦርድ፣ አንድ የእግር ኪቦርድ፣ 60 ረድፍና 4,000 ገደማ ቧንቧ አለው። ቁጥሩን ለጊዜው ተዉት። ዋናው ነገር አደረጃጀቱ ነው። እያንዳንዱ ኪቦርድ የራሱ ቤት አለው። አንዱ ክፍል ከተጫዋቹ ራስ በላይ ነው። አንዱ ፊት ለፊቱ፣ ደረቱ አካባቢ ነው። አንዱ ደግሞ ከጀርባው በሰገነቱ ጠርዝ ላይ ወደ ምእመናኑ ተንጠልጥሏል። የእግሩ ትላልቅ ቧንቧዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ረጅሙ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ተጫዋቹ ከአንዱ ኪቦርድ ወደ ሌላው ሲያልፍ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ድምፁ የሚመጣበት ቦታም ይለወጣል። አንዱ ከሩቅ ይጠራል፤ ሌላው አጠገብህ ሆኖ ይመልሳል።

የእግሩ ክፍል በሰሜን አጃቢ አይደለም። ራሱን የቻለ ጌታ ነው። ከፈለገ ዜማውን ብቻውን ይዞ ይሄዳል፤ እጆቹ ያጅቡታል። ለምን? አገሩ ሉተራዊ ነው። መዝሙሩን የሚዘምረው ቀሳውስት ብቻ ሳይሆኑ ሕዝቡ ነው። ሺህ ሰው ከነልጁ ከነሽማግሌው ሲዘምር የሚመራው ድምፅ ይፈልጋል፤ የሚያባብለው ሳይሆን የሚቀድመው። ስለታም፣ የጠራ፣ ከሕዝቡ ድምፅ በላይ የሚያበራ ድምፅ። የሽኒትገር ከፍተኛ ረድፎች የሚያደርጉት ይህን ነው።

ደግሞ የከተማ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሐምቡርግ በታች በኤልበ ወንዝ ዳር፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ባሕር ጠረፍ ያሉት መሬቶች ረግረግ ናቸው፤ ግን እጅግ ለም። ገበሬዎቹ ሀብታሞች ነበሩ፤ ሀብታቸውን ደግሞ ማሳየት ይወዱ ነበር። ስለዚህ እንደ ሽታይንኪርሸንና ኖየንፌልደ ያሉ መንደሮች የከተማ ሰው የሚቀናበት ኦርጋን አላቸው። ሽኒትገር የተቀበረውም ኖየንፌልደ ነው። በምሥራቅ ፍሪስላንድ ጠረፍ ያለችው ሪዙም የምትባል መንደር ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ዛሬም የሚጫወት ኦርጋን አላት። በአገሩ ዜና መዋዕል እንደተጻፈው መንደርተኞቹ ለኦርጋኑ ሊከፍሉ የደለቡ ከብቶቻቸውን ኤምስ ወንዝን አሻግረው ለመውሰድ ከገዢያቸው ፈቃድ ጠይቀዋል። በከብት የተገዛ ኦርጋን! ይህ ታሪክ ብቻውን «የነገሥታትና የካህናት መሣሪያ» የሚለውን የጸሐፊውን አባባል ያናጋዋል።

አሁን ወደ መካከለኛው ጀርመን፣ ወደ ዛክሰን እንሂድ። ጎትፍሪድ ዚልበርማን (1683–1753) የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ሙያውን የተማረው ግን ሽትራስቡርግ፣ ከወንድሙ ከአንድሬያስ ጋር ነው። እዚያ የፈረንሳዮቹን ጣዕም ቀሰመ። አገሩ ተመልሶ በፍራይበርግ ካቴድራል ከ1711 እስከ 1714 የሠራው ኦርጋን 3 የእጅ ኪቦርድና 44 ረድፍ አለው። ከሐምቡርጉ ቀጥሎ ይህን የሰማ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። የሐምቡርጉ ክፍሎች ይከራከራሉ፤ የፍራይበርጉ ይስማማሉ። ዋና ዋናዎቹ ረድፎች ቲን የሚባለው ነጭ ብረት በብዛት የገባባቸው ናቸው። ሰሜኖቹ እርሳስ ያበዛሉ፤ ድምፃቸውም ይከብዳል፣ ይጠቁራል። የዚልበርማን ግን ያበራል። ከፈረንሳይ ያመጣቸው የአፍንጫ ድምፅ ያላቸው ረድፎች ሲጨመሩ ሉተራዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፓሪስ ሽታ ይገባል።

ከዚያው አካባቢ ሳንወጣ ሌላ ጣዕም አለ። ወደ ቱሪንገን ሲኬድ ትሮስት የሚባል ሠሪ በቫልተርስሃውዘንና በአልተንቡርግ ቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት የሠራቸው ኦርጋኖች አሉ። የአልተንቡርጉ በ1739 ተጠናቀቀ። ትሮስት የሚወደው በመካከለኛው ከፍታ ላይ ብዙ ረድፍ መደርደር ነው፦ ዋሽንት መሳይ፣ ቫዮላ መሳይ፣ ወፍራም፣ ቀጭን። እነዚህን ደራርቦ ሲያስነሳቸው ድምፁ እንደ ኦርኬስትራ ይሞላል። ከዚልበርማን ያለው ርቀት የአንድ ቀን የፈረስ መንገድ ገደማ ነው። ጆሮ ላይ ግን ሌላ አገር ነው።

ደቡብ ስትወርዱ ነገሩ ጭራሽ ይለወጣል። ካቶሊክ ነው፤ ገንዘቡም የገዳማት ነው። ኦርጋኑ የሚያገለግለው መነኮሳቱን ነው። ይቀባበላሉ፤ አንዱን ስንኝ መነኮሳቱ ይዘምሩታል፣ ቀጣዩን ኦርጋኑ ብቻውን ይለዋል። ሺህ ሰው መምራት የለም። ስለዚህ የእግሩ ክፍል በአብዛኛው አጭር ነው፤ ድምፅ ይዞ ይቆያል እንጂ አይሮጥም። በምትኩ ለስላሳ ዋሽንቶች፣ በገመድ የሚጫወቱ መሣሪያዎችን የሚመስሉ ረድፎችና ማሚቶ የሚያሰሙ የተደበቁ ክፍሎች ይበዛሉ።

ዮሴፍ ጋብለር በቫይንጋርተን ገዳም ከ1737 እስከ 1750 የሠራው የዚህ ሁሉ ጥግ ነው። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ 6 መስኮቶች ነበሩ፤ ብርሃኑ እንዳይጋረድ ተፈለገ። ጋብለርም ኦርጋኑን ቆራርጦ በመስኮቶቹ ዙሪያ አስቀመጠው። ኩኩ የምትል ወፍ አለችው። ሌላ የምታዜም ወፍም አለችው። በእግር የሚደወሉ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ ደወሎች አሉት። የመጨረሻውን ወፍራም ዶ በእግር ረግጠህ አንዱን እጀታ ስትስብ 49 ቧንቧዎች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። የሰው ድምፅ የሚመስለው ረድፉ ደግሞ አፈ ታሪክ አለው፤ ጋብለር አልሆንልህ ሲለው ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ብረቱን አገኘ ይላሉ። መነኮሳቱ ይህን ወሬ እንዴት እንደታገሡት እንጃ።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በኦቶቦይረን ገዳም ካርል ዮሴፍ ሪፕ በ1766 ያጠናቀቃቸው ሁለት ኦርጋኖች ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠዋል። ሪፕ የአካባቢው ልጅ ነው፤ ግን ፈረንሳይ ዲዦን ከተማ ሄዶ ተቀመጠ፣ ጎን ለጎን ወይን ይነግድ ነበር። ኦርጋኖቹም ግማሽ ፈረንሳይ ናቸው።

እንግዲህ ጸሐፊው «አንዱን ያየ ሁሉንም አየ» ብለው ለጎብኚ የሚመክሩት ፓሳውን ነው፤ ትልቁ ስለሆነ። እውነት ነው፣ የፓሳው ካቴድራል 233 ረድፍና 17,974 ቧንቧ አለው። ግን ያ በ1928 ተሠርቶ ከ1978 እስከ 1980 እንደገና የተገነባ፣ አምስት ኦርጋኖችን ከአንድ ቦታ የሚያጫውት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ግሩም ነገር ነው። ስለ ሽኒትገር ወይም ስለ ዚልበርማን ግን ምንም አይነግርህም። መጠን መለኪያ ቢሆን ኖሮ የሪዙም ገበሬዎች ኦርጋን የትም አይገባም ነበር።

«ሁሉም የተሠሩት ለባህ ነው»

ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። የሐምቡርጉ የቅዱስ ያዕቆብ ኦርጋን ሲጠናቀቅ ባህ የ8 ዓመት ልጅ ነበር። የቫይንጋርተኑ ያለቀው ባህ በሞተበት ዓመት፣ በ1750 ነው። የኦቶቦይረኑ ደግሞ ከሞተ 16 ዓመት በኋላ። በእሱ ላይ ባህ ወደ ሰሜን እስከ ሉቤክ ተጉዟል፤ ወደ እነዚያ የደቡብ ገዳማት መሄዱ ግን የትም አልተመዘገበም።

ይልቅ የሚገርመው ሌላ ነው። ባህ በሕይወቱ አንድም ጊዜ የሚመኘውን ዓይነት ትልቅ ኦርጋን በእጁ አላስገባም። በ1705 ከአርንሽታት ተነስቶ ታላቁን የኦርጋን ተጫዋች ቡክስቴሁደን ለመስማት ሉቤክ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ሄደ። በ1720 የሐምቡርጉ የቅዱስ ያዕቆብ ቦታ ክፍት ሆነ፤ ስሙ ከእጩዎቹ ገባ። ቦታውን ያገኘው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ካዝና 4,000 ማርክ የከፈለ። ጉቦ በሉት መዋጮ፣ የእናንተ ፈንታ ነው። ባህ ከቫይማር ከወጣበት ከ1717 በኋላ የኦርጋን ተጫዋችነት ሹመት አልያዘም።

ታዲያ የባህ ድምፅ የትኛው ነው? እዚህ ላይ ባለሙያዎች ራሳቸው አይስማሙም፤ ባይስማሙም ጥሩ ነው። እኔን አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ናውምቡርግን እላለሁ። የዚልበርማን ተማሪ የነበረው ዘካርያስ ሂልደብራንት ከ1743 እስከ 1746 የሠራው የቅዱስ ቬንሴስላስ ኦርጋን ነው፤ 53 ረድፍ። ሁለቱ መምህርና ተማሪ ቀደም ሲል በሥራ ሽሚያ ተካሰው ነበር። በመስከረም 1746 ግን ሥራውን ለመመርመር የመጡት ባህና ራሱ ዚልበርማን ናቸው። ኦርጋኑ ውስጥ የዛክሰን ብርሃን አለ፣ ከጀርባ የሚንጠለጠለው የሰሜን ክፍል አለ፣ ባህ የሚወደው የወፍራም ድምፅ ክብደትም አለ። አየሩ ራሱ ሰፊ ነው። ለባህ ተሠራ ማለት አይቻልም፤ ባህ ሰምቶ አጽድቆታል ማለት ግን ይቻላል።

«ዋናዎቹ ጠፍተዋል፤ ያለው ቅጂ ነው»

ግማሽ እውነት አለበት። በ1917 የጀርመን መንግሥት ለጦር መሣሪያ ሲል ከየቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የሚታዩትን የቲን ቧንቧዎች ነቅሎ ወስዷል። በ1942 የሆሳዕና ሌሊት ሉቤክ ስትደበደብ ቡክስቴሁደ ይጫወትባቸው የነበሩት የቅድስት ማርያም ኦርጋኖች ተቃጠሉ። በ1945 የድሬስደን ፍራውኤንኪርሸ ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ ባህ በ1736 የተጫወተበት የዚልበርማን ኦርጋን አብሮ ጠፋ። ዛሬ እዚያ ያለው በ2005 የገባ አዲስ ሥራ ነው። ይህን ማንም አይክድም።

ግን ቀሪውን እንቁጠር። ፍራይበርግ አለ። ናውምቡርግ አለ። ዚልበርማን ከሠራቸው 50 ገደማ ኦርጋኖች 30 የሚሆኑት ዛሬም ይጫወታሉ። የድሬስደኑ የሆፍኪርሸ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የመጨረሻ ሥራው ነው፤ እሱ ሞቶ በ1755 ነው ያለቀው። ቧንቧዎቹ ከድብደባው በፊት ወጥተው ስለተደበቁ ተርፈዋል። የሐምቡርጉ የቅዱስ ያዕቆብም እንዲሁ፤ በ1944 ቤተ ክርስቲያኑ ሲመታ ቧንቧዎቹ ሌላ ቦታ ነበሩ። በኋላ ዩርገን አህረንድ የሚባለው ሠሪ ጠግኖ በ1993 ጨረሰው። የእንጨቱ ቤት አዲስ ነው። የድሮዎቹ ቧንቧዎች ግን የድሮዎቹ ናቸው። ይህን «ቅጂ» ማለት ጣሪያው የተቀየረን ቤት አዲስ ነው እንደማለት ነው።

ስለ መትረፍ ካነሳን፣ ከጦርነት መሸሸግ ብቻ አይደለም ያተረፋቸው። ድህነትም አትርፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገንዘብ የነበራቸው ከተሞች አሮጌውን ጥለው ዘመናዊ አስገቡ። ገንዘብ ያጡት አልቻሉም። ካፔል የምትባል የሰሜን መንደር ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጥሎባት ነበር። በ1816 ከሐምቡርግ አንድ ያገለገለ ኦርጋን ገዛች፤ በዚያ ጊዜ ማንም የማይፈልገው፣ ሽኒትገር በ1680 የሠራው። ዛሬ ከሽኒትገር ሥራዎች ድምፁ በደንብ ከተጠበቁት አንዱ ነው። ዓይነ ስውሩ የኦርጋን ተጫዋች ሄልሙት ቫልካ ከጦርነቱ በኋላ ባህን ሊቀዳ የሄደው ወደዚያች መንደር ነው።

«የድሮው ቅኝት ጉድለት ነበር»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲሁ ነው።

ዛሬ ፒያኖ የምንቃኝበት መንገድ ኦክታቩን፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት፣ 12 እኩል ቦታ ይከፍላል። ጥቅሙ ዜማውን ከየትኛውም ድምፅ አስነሥቶ፣ ማለትም በየትኛውም ቁልፍ፣ መጫወት መቻሉ ነው። ዋጋውስ? ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት ከተፈጥሯዊው ትንሽ ይሰፋል፤ ከግማሽ ቶን (ከሁለት ጎረቤት ድምፆች ርቀት) አንድ ሰባተኛ ገደማ። ስለለመድነው አይሰማንም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሰሜኖች ግን ይህን አይቀበሉም ነበር። ያን ርቀት ንጹህ ወይም ለንጹህ የቀረበ አድርገው ይቃኙታል። ስለዚህ በቀላል ቁልፎች የሚጫወት ኮርድ (አብረው የሚነሱ ድምፆች) ፀጥ ብሎ ይቆማል፤ አይርገበገብም። ዋጋው ደግሞ ሌላ ቦታ ይከፈላል፤ ራቅ ያሉት ቁልፎች ይሻክራሉ፣ አንዱማ «ተኩላ» እስከመባል ደርሷል፤ ስለሚያላዝን።

ጸሐፊው የሰሙት ተኩላውን ነው መሰለኝ። ያ ሻካራነት ግን ጥቅም ነበረው። የዘመኑ አቀናባሪ ስለ ሞት ወይም ስለ ኃጢአት ሲጽፍ ሆን ብሎ ወደዚያ ጥግ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ንጹሁ ሲመለስ ሰሚው ይተነፍሳል። ሁሉን ቁልፍ እኩል ካደረግከው ይህ ጉዞ ይጠፋል። አስቸጋሪ መሆኑ እውነት ነው፤ ዚልበርማንን በቅኝቱ በሕይወት እያለ የተቹት ነበሩ። እዚያ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ግን «ታረመ» አይባልም፤ አንዱን ጥቅም ሰጥቶ ሌላ መውሰድ ነው።

የድምፁ ከፍታም ቢሆን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዛሬ የዓለም ኦርኬስትራዎች የሚቃኙበት «ላ» 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ነው። የሐምቡርጉ ቅዱስ ያዕቆብ 495 አካባቢ ነው፤ አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ያለ። ፍራይበርግ 476 ነው። የዘመኑ ቫዮሊን ተጫዋች ከነዚህ ጋር ልጫወት ቢል ወይ ገመዱን ይወጥራል ወይ ወረቀቱን እንደገና ይጽፋል። ከፍ ያለ ቅኝት ቧንቧውን ያሳጥረዋል፤ ብረትም ይቆጥባል።

«ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያለው ጩኸት ነው»

አጭር መልስ፦ መርዘቡርግ። ፍሪድሪሽ ላደጋስት በ1855 የሠራው 81 ረድፍ ያለው የካቴድራል ኦርጋን ላይ ነው አቀናባሪው ፍራንዝ ሊስት በባህ ስም ፊደላት የጻፈው ሥራ በ1856 መጀመሪያ የተሰማው። ከሹክሹክታ ተነስቶ ቀስ እያለ የሚያድግ ድምፅ ነው፤ በሽኒትገር ኦርጋን ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። ዛወር የሚባለው ሠሪም በላይፕዚግ የቶማስ ቤተ ክርስቲያን በ1889፣ በበርሊን ካቴድራል በ1905 የሠራቸው አሉ። የበርሊኑ 113 ረድፍ ነው። ይጮኻል፤ አዎ። ግን ለስላሳ ረድፎቹን የሰማ ሰው «ጩኸት ብቻ» አይልም።

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ1920ዎቹ ጀርመኖች ራሳቸው ወደ ባሮክ፣ ማለትም ወደ ባህ ዘመን አሠራር፣ እንመለስ ብለው ተነሱ። ሽኒትገርን ከአቧራ ያወጣው ይህ እንቅስቃሴ ነው፤ ባለውለታችን ነው። ያው እንቅስቃሴ ግን በስንት ጥሩ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦርጋን ላይ መጋዝ አንሥቷል። ከመቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ስህተት በአማርኛ መድገም ምን ይባላል?

«ኮምፒውተር ቀድቶታል፤ ጥገናው ከንቱ ወጪ ነው»

የዲጂታል ቅጂዎቹን አልንቅም። እያንዳንዱን ቧንቧ ለየብቻ ቀድተው በኪቦርድ እንዲጫወት አድርገውታል። ለልምምድ ግሩም ነው። ክረምት ላይ ያለ ማሞቂያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጣቱ እየደነዘዘ ከሚለማመድ ተማሪ ቤቱ ሞቅ ብሎት ቢለማመድ ይሻላል።

ነገር ግን ሁለት ነገር አይቀዳም። አንዱ አየሩ ነው። በድሮ ኦርጋን ውስጥ ቧንቧዎቹ ከአንድ ወናፍ ይጋራሉ። ወፍራሙ ድምፅ ሲነሳ የሌሎቹ አየር ለቅጽበት ይቀንሳል፤ ድምፁ ሁሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ተጫዋቹ ይህን በጣቱ ያውቀዋል፤ ጠብቆት ይጫወታል። ለየብቻ የተቀዱ ቧንቧዎች እርስ በርስ አይሻሙም፤ ፕሮግራሙ የሚጨምረው ግምት ነው። ሁለተኛው ቤቱ ነው። ሽኒትገር ክፍሎቹን ሲለያይ ድምፅ ማጉያ እያሰበ አልነበረም፤ ጣሪያውንና የሰውን አቀማመጥ እያሰበ ነበር። በሁለት ስፒከር ይህን መስማት ይቻላል ማለት ይከብዳል።

ደግሞስ የምትቀዳው ዋናው ሲኖር አይደለም? የእርሳስ ቧንቧ በዝምታ ይበላሻል። ከኦክ እንጨት የሚወጣ አሲድ እርሳሱን ይበላዋል፤ ቀስ ብሎ ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። የማሞቂያ አየር እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። እርጥበት ሻጋታ ያመጣል። ጥገናው ለቅንጦት አይደለም።

ወጪውን በተመለከተ ጸሐፊው አንድ ነጥብ አላቸው። በጀርመን ምእመኑ እየቀነሰ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ይዘጋሉ፣ ይሸጣሉ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ የምር ነው። ግን በሌላ በኩል በአገሪቱ 50,000 ገደማ ኦርጋኖች፣ 400 የሚሆኑ የኦርጋን ሠሪ ወርክሾፖችና ከእነሱ የሚበላ ሰው አለ። ዩኔስኮም በ2017 የጀርመንን የኦርጋን ሥራና ሙዚቃ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። የተመዘገበው ዕቃው ሳይሆን እውቀቱ መሆኑን ልብ በሉ። እርሳስ አቅልጦ በጠረጴዛ ላይ አፍስሶ፣ ቀጥቅጦ፣ ጠቅልሎ፣ አፉን በቢላ እየከፈተ ድምፅ የሚያወጣ ሰው ከጠፋ፣ ቅጂ ሊተካው አይችልም።

ጀርመን ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችሁ የምትገለገሉት ከጀርመን አጥቢያዎች በተዋሳችሁት ወይም በተከራያችሁት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከጀርባችሁ፣ ሰገነቱ ላይ ያለውን ቀና ብላችሁ እዩት። ማን ሠራው፣ መቼ፣ ብላችሁ የቤቱን ጠባቂ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በደስታ ያወራሉ። ከዚያ ሦስቱን ቤቶች ለመለየት ከፈለጋችሁ፣ ከሐምቡርግ ጀምሩ። የቅዱስ ያዕቆብን ከሰማችሁ በኋላ በከተማ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዛችሁ ሽታደ ውረዱ፤ ቅዱስ ኮስማስ ውስጥ ሽኒትገር በወጣትነቱ ከዘመዱ ከቤሬንት ሁስ ጋር የሠራው አለ። ሌላ ጊዜ ፍራይበርግ። ከዚያ ኦቶቦይረን፤ እዚያ ግን ከፊት ተቀመጡ፣ የሪፕ ኦርጋኖች ከኋላ ሳይሆኑ ከመነኮሳቱ መቀመጫ በላይ ናቸው። በሦስቱም ቦታ ያንኑ አንድ የባህ ቁራጭ የሚጫወት ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ጸሐፊውም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ፓሳውን መጨረሻ ላይ እናደርገዋለን።